ለቤተሰብ ማስታወሻ ቪዲዮ ካሜራ ይገዛ ወይስ ስልክ ይበቃል?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። በቤታችን ልጅ ሊወለድ ነው፤ ወላጆቼም በዕድሜ ገፍተዋል። የሁለቱንም ወገን መልክና አንደበት፣ ልጁ አድጎ ራሱ ወላጅ እስኪሆን ድረስ በሚቆይ አኳኋን መቅረጽ እፈልጋለሁ። በኪሴ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ አለ፤ ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ካሜራ ግን ሥራው አንድ ስለሆነ ይሻል ይሆናል ብዬ ስለማስብ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ቤተሰባቸውን ለብዙ ዓመት ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች ምን እንደሚሉ ለመስማት ወደድሁ። መልሱ ከጠበቅሁት በላይ በዛ። ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ሲያነብ እንዳይሰለች፣ እያንዳንዱን በተራ ቁጥሩ እየጠቀስሁ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይም አስተያየቴን አልደበቅሁም።

1ኛው መላሽ መልካም ምኞታቸውን አስቀድመው፣ ስልኩ ከበቂ በላይ ነው አሉ። ሕፃን የመጀመሪያ እርምጃውን የሚራመደው ቀጠሮ ሰጥቶ አይደለም፤ በመሳቢያ የተቀመጠ ካሜራ ከሽፋኑ ወጥቶ ባትሪው እስኪፈተሽ ድረስ ነገሩ ያልፋል። 2ኛው ይህን ደግፈው ወደ ቁጥር ገቡ። የአይፎን አምራች ራሱ በሚሰጠው ግምት መሠረት፣ ፋይሉን በሚያሳንሰው አዲሱ የማመቂያ ዘዴ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) የሚቀረጽ 4ኬ የሚባለው ባለ ከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ ለአንድ ደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም ሲሆን ወደ 400 ሜጋባይት ይወጣል፤ ከ4ኬ በሚያንሰው በ1080 ጥራትና በ30 ፍሬም ግን 60 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰዓት የ4ኬ ቀረጻ በ30 ፍሬም 10 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚፈልግ፣ 60 ፍሬሙን ለሩጫና ለጨዋታ ብቻ አስቀምጡት የሚል ምክር ጨመሩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

3ኛው መላሽ የተባለውን ሳይቃወሙ አንድ ነገር አነሡ፤ እሱም ርቀት ነው። ልጁ አድጎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ወላጁም ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ፣ ስልክ ይሸነፋል። የቪዲዮ ካሜራ የሚያጎላው በሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ቦታ እየቀያየሩ ስለሆነ ምስሉ ጥራቱን እንደያዘ ይቀርባል፤ ስልክ ግን የሌንሶቹ አቅም ካለቀ በኋላ የሚያደርገው የምስሉን መሀል ቆርጦ መለጠጥ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የካሜራው ባትሪ ተነቅሎ እንደሚተካ፣ ለረጅም ሰዓት ሲቀርጽ እንደ ስልክ ግሎ እንደማያቆም፣ በመካከሉ ማንም ደውሎ እንደማያቋርጠው፣ በማሰሪያው መዳፍ ውስጥ ስለሚያዝም ክንድ ቶሎ እንደማይዝል ዘረዘሩ።

4ኛው መላሽ ግን ይህ ከግማሽ በላይ እውነት ቢሆንም አንድ ነገር ተዘሏል አሉ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውንና በዚህ ዓይነት ውይይት ላይ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣውን ኤፍዲአር-ኤኤክስ53 ምሳሌ አድርገው፣ ሌንሱ 20 ጊዜ የሚያጎላ መሆኑ መልካም ቢሆንም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ሴንሰር 1/2.5 ኢንች የሚባለው ትንሽ መጠን እንደሆነና በዛሬ ውድ ስልኮች ዋና ካሜራ ላይ ያለው ሴንሰር ከዚህ እንደሚበልጥ አስረዱ። ነገሩ የአምራቹ ስንፍና አይደለም፤ በሩቅ የሚያጎላ ሌንስ ከትልቅ ሴንሰር ጋር ይሁን ቢባል በአንድ እጅ የማይያዝ ግዙፍ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ማታ በደብዛዛ መብራት ሳሎን ውስጥ ሲቀረጽ ስልኩ የቪዲዮ ካሜራውን የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። 3ኛው መላሽ በ6ኛው ቁጥር ተመልሰው፣ ደብዛዛ ለሆነበት ሰው ተጨማሪ አምፖል ማብራት ከሩቅ ወንበር ወደ መድረክ ከመውጣት ይቀላል ሲሉ ኮምጨጭ ያለ መልስ ሰጡ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ የተጣሉት በተለያየ ዘመን ላይ ቆመው ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ የሚገኘውም ብርሃኑ አነስተኛ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ በሜዳና በመድረክ፣ ከወላጁ ርቆ፣ ግን በደህና ብርሃን ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ዘመን የስልክ ነው፤ ሁለተኛው የሌንስ ነው። ሁለቱን ዛሬ በአንድ ግዢ መፍታት ግድ እንዳልሆነ ያየሁት ከእነዚህ አራት መልሶች ነው፤ ከተከራካሪዎቹ ግን አንዳቸውም ይህን በግልጽ አላሉትም።

በመካከል 5ኛው መላሽ ሌንሱ የሚቀየር የፎቶግራፍ ካሜራ ሁለቱንም ያስታርቃል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። 7ኛው እነዚያ ካሜራዎች ከ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በላይ አይቀርጹም ብለው ተቃወሙ። 8ኛው መላሽ የገደቡን ምንጭ ገለጹ፤ በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር አምራቾች ሆን ብለው ከዚያ በታች ያቆሙት ነበር፤ ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ግን ይህ ገደብ የለባቸውም። ጠቃሚ ማስተካከያ ነው። ይሁንና ሕፃን የታቀፈ ሰው ሌንስ ይቀይራል ብዬ ስለማላምን በዚህኛው መንገድ አልሄድሁም።

የውይይቱ ክብደት የተቀየረው በ9ኛው መልስ ነው። መላሹ የወላጆቻቸውን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ ያስተዋሉትን ጻፉ። ምስሉ ደብዝዟል፤ ቀለሙ ወደ ቀይ አድልቷል፤ ቤተሰቡ ግን ስለዚህ አንድም ቀን አላማረረም። ሁሉም ዝም ብለው የሰሙት ድምፁን ነው። አባታቸው ሁልጊዜ ካሜራ ያዢ ስለነበሩ በየትኛውም ካሴት ላይ መልካቸው የለም፤ ሆኖም ለማይክራፎኑ ከሁሉም የቀረቡት እሳቸው ስለሆኑ ድምፃቸው ከማንም በላይ ጎልቶ ይሰማል። ልጆቻቸውን ሲጠሩ፣ ሲቆጡ፣ የሌንሱ ክዳን የት እንደገባ ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ሁሉ ተቀድቷል። መላሹ ከዚህ ተነሥተው፣ እስካሁን ስለ ሴንሰርና ስለ ዙም የተጻፈው ሁሉ የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው፤ ጠያቂው ገንዘብ ማውጣት ከፈለጉ ማይክራፎን ይግዙ አሉ።

ምክንያቱንም በደንብ አብራሩት። ድምፅ ግድግዳ በሌለበት ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ካሜራው ከተናጋሪው አንድ ሜትር ላይ ሳለ የተሰማው ቃል አራት ሜትር ሲርቅ 12 ዴሲቤል ያጣል፤ የክፍሉ ጉምጉምታና የማቀዝቀዣው ድምፅ ግን በነበሩበት ይቆያሉ። ዙም ሲያጎላ ምስሉ ይቀርባል እንጂ ማይክራፎኑ ካለበት አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ ስልኩም ካሜራውም ድምፁን በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ፣ ተናጋሪው ለአፍታ ዝም ሲል መሣሪያው ጸጥታውን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሹክሹክታውንና ጉምጉምታውን ከፍ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ማይክራፎኑን ወደ አፍ ማቅረብ ነው፤ በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክራፎን ይበቃል፤ እሱ ከሌለም ሌላ ስልክ በድምፅ መቅጃ ከፍቶ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ማስቀመጥና በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይቻላል። ጭብጨባው በምስሉም በድምፁም ላይ ስለሚታወቅ በኋላ ሁለቱን ለማገጣጠም ምልክት ይሆናል። ደጅ ሲቀረጽ ደግሞ ነፋስ ማይክራፎኑን ሲመታ የሚፈጠረውን መንጓጓት በኋላ በምንም ሶፍትዌር በንጽሕና ማውጣት ስለማይቻል፣ ጸጉራም መሸፈኛ ማልበስ ወይም ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ መቆም ያስፈልጋል።

10ኛው መላሽ ይህን ወደ አረጋውያን ወሰዱት። ወላጅን በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍባቸው አድርጎ ማስቀመጥ፤ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት፤ ከዚያም ስለ ሕይወት ትርጉም ሳይሆን ስለሚጨበጥ ነገር መጠየቅ ነው አሉ። ልጅ ሳሉ ይተኙበት የነበረው ክፍል ምን ይመስል እንደነበር፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንደገዙበት፣ ትምህርት ቤት በየትኛው መንገድ ይሄዱ እንደነበር መጠየቅ ረጅም መልስ ያመጣል። ተናጋሪው ሲጨርስም ሌላ ጥያቄ ለመወርወር አለመቸኮል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ይመጣልና። 11ኛው መላሽ ይህ ቃለ መጠይቅ እንጂ የቤተሰብ ቪዲዮ አይደለም ሲሉ በሹል አነጋገር ተቃወሙ። ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ደረቅ እንጨት ይሆናል፤ ልጆቹ የሚፈልጉት አያታቸው ሲቆጡና ሲስቁ ማየት ነው፤ የተቀመጠ ሐውልት አይደለም። 12ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ፣ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አድርጎ ቀድሞ መክፈትና ስለሌላ ነገር እየተጫወቱ መቆየት፣ ጥያቄው የሚጀምረውም ሰውየው ካሜራውን ሲረሱት መሆኑን መከሩ። እንደሚቀረጹ አስቀድሞ ነግሮ ፈቃዳቸውን መጠየቅ እንደሚገባም ማሳሰባቸው ተገቢ ነው፤ መርሳታቸው ያለማወቃቸው መሆን የለበትምና።

እዚህ ላይ 13ኛው መላሽ ገቡና ሰላሙ ደፈረሰ። የእሳቸው ነጥብ፣ የምትከራከሩት ሁሉ ልጃችሁን በስክሪን በኩል እያያችሁ ሕይወቱን ልታመልጡ ነው የሚል ነበር። ለማስረጃም በፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የሆኑት ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት ጠቀሱ፤ በሙዚየም ውስጥ የተዘዋወሩ ሰዎች ፎቶግራፍ ያነሡአቸውን ዕቃዎች፣ ዝም ብለው ከተመለከቷቸው ባነሰ መጠን አስታውሰዋል። 14ኛው መላሽ ጥናቱን ራሳቸው እንዳነበቡት በሚያሳይ ትዕግሥት፣ የተቀረው ግማሽ ተትቷል ብለው አረሙ። በዚያው ጥናት የዕቃውን አንድ ክፍል አጉልተው ያነሡ ሰዎች ትውስታቸው አልቀነሰም፤ ያላጎሉትን ክፍል እንኳ አስታውሰዋል፤ ጥናቱም ስለ ሙዚየም ዕቃ ፎቶግራፍ እንጂ ስለ ቤተሰብ ቪዲዮ አልነበረም። 13ኛው በ15ኛው ቁጥር ሲመለሱ አክብሮቱን ትተው በአንተታ መናገር ጀመሩ፤ ባለ ዲግሪዎች ሁሉን ነገር ይመዝናሉ፣ የልጃቸውን ዐይን ግን አያዩም እስከማለት ደረሱ። በ16ኛው ላይ አስተባባሪው ጣልቃ ገብተው ሁለቱም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ በጥብቅ አሳሰቡ።

በአነጋገራቸው ባልስማማም የ13ኛው ሥጋት ከንቱ አይመስለኝም። 17ኛው መላሽም በሥጋቱ ላይ ሳይከራከሩ መውጫውን አሳዩ፤ ብዙ ሳይሆን ጥቂት መቅረጽ። ካሜራውን አንሥቶ፣ አንድ ነገር ላይ አድርጎ፣ በልብ እስከ አሥር ቆጥሮ ማጥፋትና ወደ ኪስ መመለስ ነው። ከአንድ ቀን ውሎ አምስትና ስድስት እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ቢገኙ ቀኑ ይታወሳል፤ ቀሪው ጊዜ ለመኖር ይተርፋል። የሚቀረጸውም የልደት ቀን ብቻ እንዳይሆን መክረዋል። ሻማ ሲጠፋ የሚያሳየው ቪዲዮ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ጫማውን ለማሰር ሲታገል፣ አያት መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ በር ሲከፈት ሁሉም የሚጥሉት ጫማና ቦርሳ ግን ቤቱ ሲለቀቅ አብሮ ይጠፋል።

18ኛው መላሽ ይህን የሚያጸና ምሳሌ ይዘው መጡ፤ እኔ ከውይይቱ ሁሉ በጣም የወደድሁት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው፣ ከፊሎቹ በዩታ በረሃ ቶፓዝ በተባለው የማጎሪያ ሠፈር ተከልለው ነበር። ካሜራ መያዝ የተከለከለ ቢሆንም ዴቭ ታትሱኖ የተባሉ ነጋዴ ከሠፈሩ ሠራተኞች በአንዱ ርዳታ የቤት ውስጥ 8 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራቸውን አስገብተው የዕለት ተዕለቱን ኑሮ በቀለም ቀረጹ። ሰልፍና ንግግር ሳይሆን፣ ሰዎች በአቧራና በበረዶ ውስጥ ሲመላለሱ፣ ልጆች ሲጫወቱ የሚያሳይ የቤተሰብ ቀረጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሥራዎች ጋር መዘገበው። መላሹ ከዚህ የሚያወጡት ነገር ቀላል ነው፤ ካሜራው በጊዜው ተራ የቤት ዕቃ ነበር፤ ቀረጻውን ውድ ያደረገው የካሜራው ጥራት አይደለም፤ በኋላ ማንም ሊደግመው የማይችለውን ተራ ቀን መያዙ ነው። አንድ ሁለት ሰዎች ምሳሌው ለሕፃን ቪዲዮ ከብዷል ብለው አጉረመረሙ፤ እኔ ግን በቦታው የገባ ይመስለኛል።

19ኛው መላሽ ወደ አያያዝ ተመለሱ። ካሜራውን ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ማዞር ማንም ደግሞ ሊያየው የማይችል ቪዲዮ ይሰጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነገሩ በፍሬሙ ውስጥ እንዲያልፍ መተው ይሻላል። ለማጉላት ሲፈለግ በቅድሚያ እግር ይራመድ። ልጅን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ተንበርክኮ በዐይኑ ልክ መቅረጽ አናቱን ሳይሆን ፊቱን ያሳያል። በአንዳንድ መብራት ሥር ምስሉ ሲርገበገብ፣ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ደግሞ 1/60 ወይም 1/120 ሴኮንድ ማድረግ ያቆመዋል። 20ኛው ስልኩ ይጋደም ወይስ ይቁም የሚለውን አነሡ፤ ብዙ ተጻፈበት፤ አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ለሚታይ ነገር ይጋደም በሚለው ተስማማ፤ ከዚያ በላይ የሚነገር ነገር አልነበረውም።

ከ21ኛው እስከ 23ኛው ውይይቱ ወደ ድሮ ካሴቶች ተንሸራተተ፤ ከጥያቄዬ ቢርቅም ማስቆም አልፈለግሁም። 21ኛው መላሽ ቤታቸው ውስጥ የቪኤችኤስ፣ የቪዲዮ 8 እና የሚኒ ዲቪ ካሴቶች እንዳሉ ገልጸው፣ ቴሌቪዥን ላይ አጫውተው ስክሪኑን በስልክ ቢቀርጹት ይበቃ እንደሆነ ጠየቁ። 22ኛው በትንሽ ቁጣ አይበቃም አሉ፤ ዝርዝሩ ግን የሚጠቅም ነው። ቪኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቪዲዮ 8 በ1985፣ ሃይ 8 በ1989 የወጡ ሲሆን በእነዚህ ሁሉ ላይ ያለው ምልክት አናሎግ ስለሆነ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በመቀየሪያ መሣሪያ ነው። በ1995 የመጣው ሚኒ ዲቪ ግን ከመጀመሪያውም ዲጂታል ነው፤ በካሴቱ ላይ ያለው መረጃ በሴኮንድ 25 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) የቪዲዮ ፍሰት ስለሆነ፣ ከድምፁና ከሌላው መረጃ ጋር ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ካሜራው በፋየርዋየር ገመድ ከተያያዘ ይኸው መረጃ ሳይለወጥ እንዳለ ይገለበጣል። ይህን ካሴት አናሎግ በሆነው በቢጫው የቪዲዮ ገመድ ማስገባት ያለ ምክንያት ጥራት መጣል ነው። ጊዜው ግን እየጠበበ ነው፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የሆነው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል፤ የቀሩት ማጫወቻዎች ሁሉ ያረጁ ናቸው። ጥቅልሉ ላይ ነጭ ሻጋታ የታየበት ካሴት ሳይጸዳ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ሻጋታው ወደ ማንበቢያው ጭንቅላትና ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። 23ኛው ስለ ሌንስ ፈንገስ ጠየቁ፤ መልስ የሰጣቸው የለም።

24ኛው መላሽ ሁላችንንም ወደ ማከማቻ መለሱን። ፎቶግራፈሩ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቁትን ደንብ ጠቅሰው፣ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን መከሩ። 25ኛው ከቤት ውጭ ላለው ቅጂ ክላውድ የሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ይበቃል ሲሉ 26ኛው ጠንከር ያለ ጥያቄ አቀረቡ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያ ሰው ቢሞት ቪዲዮው ለማን ነው? አንዳንድ አገልግሎቶች ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ወራሽ እንዲሰይም ይፈቅዳሉ፤ ካልሰየመ ግን ቤተሰቡ ረጅም ጣጣ ይጠብቀዋል። በቤተሰብ የመልእክት ቡድን ውስጥ የተላከ ቪዲዮም ቅጂ ሊባል እንደማይገባ አክለዋል፤ የመልእክት መተግበሪያዎች ቪዲዮውን አጥብቀው አምቀው ስለሚልኩት የሚቀረው የምስሉ ጥላ ነው።

27ኛው መላሽ የሚያበሳጭ ገጠመኝ ነበራቸው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ በሚባለው አሠራር የሚቀርጽ ካሜራ ነበራቸው። በካሜራው የማኅደረ ትውስታ ካርድ ላይ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት በላይ መሆን ስለማይችል ካሜራው ረጅም ቀረጻን እየከፋፈለ ያስቀምጣል፤ ቁርጥራጮቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚነግረው መረጃ በሌሎች ትናንሽ ፋይሎች ውስጥ አለ። አንድ የጥገና ባለሙያ ትልልቆቹን ፋይሎች ብቻ ገልብጦ የቀረውን አጠፋላቸው፤ አሁን በየመገናኛው ድምፁ ይቆረጣል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ካሜራ ሲገለበጥ አቃፊው ሳይነካ በሙሉ ይወሰድ። 28ኛው ደግሞ የካሜራውን ሰዓት ማስተካከልና የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን መጀመር በኮምፒውተር ላይ ቅደም ተከተሉን በራሱ እንደሚያስጠብቅ ገለጹ፤ በቪዲዮው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም በአንድ የጽሑፍ ፋይል መመዝገብንም አከሉ። ይህ የመጨረሻው ምክር ቀላል ይመስላል እንጂ፣ የማያውቁት ሰው አጠገብ የተቀመጡ አያትን አይቶ ያ ሰው ማን ይሆን ያላለ ቤተሰብ የለም።

29ኛው መላሽ በዚህ ሁሉ ላይ ተሳለቁ። ሦስት ቅጂ የተደረገለት፣ ማንም የማያየው የብዙ መቶ ሰዓት ቪዲዮ ከጠፋው በምን ይሻላል ሲሉ ጠየቁ። በየዓመቱ መጨረሻ ከዓመቱ ቀረጻ የአሥር ደቂቃ ቅንብር አውጥተው የቀረውን እንደሚያጠፉም ተናገሩ። 30ኛው ቅንብሩን አድንቀው ማጥፋቱን ግን በብርቱ ተቃወሙ፤ ዛሬ የሚቆርጠው ሰው ፈገግታውን ይዞ ዳራውን ይጥላል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን የሚፈለገው ዳራው ሊሆን ይችላል። እኔም ከ30ኛው ጋር ነኝ። ማከማቻ በየዓመቱ ይረክሳል፤ የቅንብሩ ጥቅም ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ እንዲያይ ማድረጉ ነው፤ ዋናውን ለመተካት አይደለም።

በ31ኛው ቁጥር ራሴ ተመልሼ የወሰንሁትን ጻፍሁ። የቪዲዮ ካሜራውን ለአሁኑ አልገዛም፤ ልጁ መድረክ የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ የዚያን ጊዜውን ገበያ አያለሁ። አሁን የምገዛው በልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክራፎን፣ ስልኩን የሚይዝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንዱ ዲስክ በወላጆቼ ቤት ይቀመጣል። ከልጁ መወለድ በፊት የሚጀመረውም የወላጆቼ ቀረጻ ነው። ካሜራ ያዢው በየጊዜው እንዲቀያየር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ የ9ኛው መላሽ አባት ነገር ከልቤ አልወጣም።

32ኛው መላሽ በፎቶግራፍ ካሜራ 4ኬ ለሚቀርጽ ሰው በጣም ፈጣኑ ካርድ ግድ ነው አሉ። 33ኛው ሜጋቢትና ሜጋባይት ተምታተዋል ብለው አረሙ፤ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሴኮንድ የሚጽፈው 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜጋባይት በሴኮንድ ሳያቋርጥ ለመጻፍ የተመደበ ስለሆነ ይበቃል። 34ኛው ስለ ማይክራፎኑ ጥንቃቄ ሰጡኝ፤ መቀበያው የሚሰካው በስልኩ የቻርጅ ቀዳዳ ስለሆነ በቀረጻ ጊዜ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፤ በጎኑ የራሱ የቻርጅ ቀዳዳ ያለውን መቀበያ መርጬ እንድገዛና፣ ወላጆቼን ከማስቀመጤ በፊት አንድ ደቂቃ ቀርጬ በጆሮ ማዳመጫ እንድሰማው ነገሩኝ። መቀበያው በትክክል ካልተያያዘ ስልኩ ምንም ሳይናገር በራሱ ማይክራፎን ይቀጥላልና።